የጋሼ አይዞህ ኪኒን

ከሱቄ ጎን ፀጉር የሚያስተካክለውን ጎረቤቴን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ አይዞህ ነበር የሚለው። ማሽኑ ሲጮህ የሚያለቅስ ሕፃን ካለ፣ መጀመሪያ የራሱን ክንድ ላጭቶ ያሳየዋል። «አይዞህ፣ አየህ? እኔ አላለቀስኩም» ይለዋል። ክንዱ ላይ ፀጉር በቅሎ አያውቅም።

ኋላ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ምላጭ ለሚይዝ ሰው ከዚህ የባሰ ምን አለ? ሐኪም ኪኒን አዘዘለትና እጁ ረጋ። እኛም እሰይ አልን፤ ደስታችን ግን አልከረመም። በጥቂት ወራት ውስጥ ያ አፈ ማር ሰው እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ አረፈው። በረባ ባልረባው ይሳደባል። አንድ ቀን ግማሽ ጭንቅላቱ ብቻ የተላጨ ደንበኛውን ከወንበር አንስቶ አባረረው፤ ሰውዬው ሌላ ቤት ሄዶ አስጨረሰ። የቤቱስ አይወራ።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ሰፈሩ «ድሮም አስመሳይ ነው» አለ። ይሄ ያናድደኛል። ዕድሜውን ሙሉ የሚያስመስል ማን አለ? ሚስቱ ብቻ «እሱ አይደለም፤ የሆነ ነገር አግኝቶት ነው» ትል ነበር። በስድቡ ተማርራ ቤት ለቃ የወጣችው ልጃቸው እንኳ «እማዬ፣ ራስሽን አታታልዪ!» አለቻት።

ሚስትየዋ በድንገት ሞተች። የዚያን ዕለት ጠዋትም ሰድቧት ነበር።

ለቅሶ ሊደርስ ከመጣ ሰው ጋር ሲጣላ ልጅቱ ደነገጠች፤ ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ ኪኒኑን አየች።

«አባቴ፣ እንዲህ ዓይነት ኪኒን በአንዳንድ ሰው ላይ ጠባይ እንደሚለውጥ የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ። የእርስዎም ከዚያ ይሁን አይሁን ገና አላውቅም። ቀስ በቀስ እንቀንሰውና እንየው» አለችው።

ሲቀነስ ጠባዩ ተመለሰ። መንቀጥቀጡም አብሮ መጣ፤ ፀጉር ቤቱ ተዘጋ።

አንድ ቀን ልጅቱ በዚያው በአሮጌ ወንበሩ አስቀምጣ ፂሙን ስትላጨው፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«እናትሽ ጠልታኝ ሞተች» አለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ምን ትል እንደነበር ማንም አልነገረውም።

«አልጠላችህም አባዬ። ‹እሱ አይደለም› ነበር የምትለው። ያላመንኳት እኔ ነኝ።»



ከዚያ ወዲህ ልትላጨው በመጣች ቁጥር «እናትሽ ምን ትል ነበር?» ይላታል። ትነግረዋለች። ስትነግረው ምላጩን የያዘው እጇ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ እሱም «አይዞሽ» ይላታል።