ዓይኑ ጣቴን አልተከተለም

ባለቤቴ በሞተ ጊዜ ሊያጽናኑኝ የመጡት ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይሉኝ ነበር። አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ይሉኛል። እኔ ያን ቀን አውቀዋለሁ። ቀትር ላይ ባለቤቴ በሕይወት ነበረ፤ «ፀሐይዋ ትብረድ» ያሉትንም አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። ስቸኩል ቀለሙ ይፈሳል።

እኔ ከሸዋ የመጣሁ ነኝ። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ወደ መቀሌ ሲዛወር አብሬው መጣሁ፤ ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው። ባለቤቴ የዚሁ አገር ሰው፣ ግንበኛ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የፈረሰውን የሚጠግን፣ አዲስ የሚሠራ በዝቶ ስለ ነበር ሥራ አያጣም። አንድ ቀን ድንጋይ ሲጠርብ ፍንጣሪ ቅንድቡን መታው። ደሙን በእጅጌው ጠርጎ እስኪመሽ ሠራ። በማግስቱ የዓይኑ ሽፋን እንደ በሰለ በለስ ቀልቶ አበጠ።

«ስንት ዘመን የጠረብኩት ድንጋይ ዛሬ ተበቀለኝ» እያለ ይስቅ ነበር። እኔ አልሳቅሁም፤ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሐኪሙ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ሽማግሌ ነው፤ በአስተርጓሚ ነው የሚናገረው። ያበጠውን ሽፋን በአውራ ጣቱ ገልጦ ሌላውን ጣቱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቀሰ። የባለቤቴ ዓይን ተከተለው። ከዚያ ደኅነኛውን ዓይኑን ሸፍኖ ጣት አስቆጠረው። ቁስሉን አጥቦ፣ ዱቄት ነስንሶ፣ ክኒን ሰጠን። ባለቤቴ ከአስተርጓሚው ጋር ይቀልድ ስለ ነበር ሐኪሙ ነገሩን ለእኔ አስነገረኝ።

«መመረዙ ገና ከቆዳው ነው፤ ዓይኑ ይንቀሳቀሳል፣ ያያልም። ይህ በክኒኑ ይድናል። ወደ ኋላ፣ ወደ ዓይኑ ጉድጓድ ከገባ ግን መግሉ ዓይኑን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ጣትሽን መከተል ያቅተዋል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው አንጎል ነው። ጧት ማታ ገልጠሽ እዪ። ካልተከተለሽ በዚያችው ሰዓት አምጪው።»

እንዳለኝ አደረግሁ። ጣቴን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ባለቤቴ «ሚስት በጣቷ ታሽከረክረዋለች ሲሉኝ ውሸት ይመስለኝ ነበር» ይለኛል።

አማቴ መታመሙን ሰምታ ከመንደሯ ከዓይናለም መጣች። ለጋ ቅቤና ዳማከሴ ይዛለች። መስኮቱን ዘጋች፤ ቅቤ የተነከረ ጨርቅ ዓይኑ ላይ አሰረች፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው የሽታ ነገር ይዞ እንዳይገባ በሩ ላይ ተቀመጠች።

«አደይ፣ ሐኪሙ እየገለጥሽ እዪ ብሎኛል» አልኳት፤ በአገሩ ቋንቋ «እናቴ» ማለቴ ነው።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ሐኪምሽ ምች የሚባል ነገር ያውቃል?»

ሊጠይቁ የመጡት ወንዶች ሳቁ። ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። የባለቤቴ ወንድምም ነበረበት፤ እሱም ግንበኛ ነው። ጨርቁን ልፈታ በተነሣሁ ቁጥር እጄን ያዙኝ። «ብርሃን ቁስል ያመረቅዛል፤ ገና ልጅ ነሽ፣ አታውቂም» አሉኝ። ባለቤቴ ራሱ «ተያት፣ እናት ናት፤ ደስ ይበላት» አለኝ።

ሌላ ቀን ረፋዱ ላይ ባለቤቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጃል። ቀልዱን ተወ፤ እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው። አማቴን ከመንገዴ ገፍቼ መስኮቱን ከፈትኩና ጨርቁን ፈታሁት። ዓይኑ ከቦታው ወደ ፊት ወጥቷል። ጣቴን ወደ ቀኝ ወሰድኩ። ደኅነኛው ዓይን ሄደ፤ ያኛው እንደ ተተከለ ቀረ። ወደ ግራ ወሰድኩ፤ አልተነቃነቀም። ደኅነኛውን በመዳፌ ሸፈንኩበት።

«መስኮቱን ለምን ዘጋሽው?» አለኝ። መስኮቱ ክፍት ነበር።

ቃሬዛ ተሠራ፤ ወንድሙና ጎረቤቶች አነሡት። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። አማቴ መንገዱ ላይ ቆመች። «በዚህ ቀትር? ምች መትቶ ሊጨርሰው ነው። ትብረድ» አለች። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም «እውነቷን ነው» አሉ። እኔ ጮኼ ለመንኩ፣ ተሳደብኩ፣ የቃሬዛውን እንጨት ይዤ ጎተትኩ። ወንድሙ እናቱን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ቃሬዛውን አስቀመጠው። ባለቤቴን ወደ ጨለማው ክፍል መለሱት። ፀሐይዋ የምትበርደው ቀስ ብላ ነው። እነሱ ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ስለ ዝናቡ ያወሩ ነበር።

ሲመሽ ሐኪሙ ዘንድ ደረስን። የባለቤቴ አንገት ደርቆ ነበር፤ ሲጠሩትም አይመልስም። ሐኪሙ በስቶ ብዙ መግል አፈሰሰ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ከረፋድ» አልኩት። አስተርጓሚው ይህን ሲነግረው ሐኪሙ ቀና ብሎ ወንዶቹን አያቸውና ወደ ሥራው ተመለሰ። ባለቤቴ ሳይነጋ ሞተ።

«ቀኑ ደርሶ ነው» አሉኝ።

ክረምቱ አልፎ የወንድሙንም ዓይን ድንጋይ መታው። አማቴ ላከችብኝ። ስገባ ቅቤው በሳሕን ተዘጋጅቷል፤ ግን አልቀባችውም። መስኮቱን ከፈትኩ፤ ያበጠውን ሽፋን ገለጥኩ። ዓይኑ ጣቴን ተከተለው።

«ሐፍተይ፣ እህቴ፣ አያለሁ እኮ፤ ምን ያስቸኩላል? ትንሽ ይብረድ» አለኝ።

«ተነሣ» አልኩት። ቀትር ነበር።

አማቴ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ራሱ ላይ ጥላ እየሠራች ከኋላ ተከተለችን። ገበያው አጠገብ ጨው የጫኑ ግመሎች መንገዱን ዘግተው አቆሙን። ፀሐይ ላይ ቆመን ሳለ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ሰው ያልጠየቀኝን እሷ ጠየቀችኝ።

«ጓለይ፣ ያን ዕለት በዚህ ሰዓት ወጥተን ቢሆን ይድን ነበር?»

«እኔ አላውቅም» አልኳት። «የነበረችውን ሰዓት ግን እናንተ ወሰዳችሁበት።»

እጇ ዝቅ አለ፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ፀሐይዋ የልጇን አናት መታችው፤ አልሸፈነችውም። ግመሎቹ እንዳለፉ እሷ ቀድማን ሄደች።