የአሰፋ እግር

የልጅ ልጄ ነርስነት ትማራለች። ባለፈው እሁድ ምሳ በልተን ስንጨርስ «እማማ፣ እግርዎን ያውሱኝማ፤ ፋሻ ማሰር ልለማመድ» አለችኝ። ጭኔን ጠፍራ ስታስረው ሳላስበው እጇን ያዝኩት። «አመመዎት እንዴ?» ብትለኝ «የለም» አልኳት። ያመመኝ ሌላ ነበር።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ አሰፋ ከጅቡቲ የሚነሳውን የባቡር ሐዲድ ከሚጠግኑት ሠራተኞች አንዱ ነበር፤ እኔም ለጓዶቹ ቀለብ አበስል ነበር። ከጅቡቲ ከተማ ዳር ካለችው ከአምቡሊ ወዲያ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀን፣ ከጥቁር ድንጋይ በቀር ዛፍ የሚባል በሌለበት ሜዳ ሰፍረናል። ጊዜው የሙቀቱ ወር ነው፤ ነፋሱ ፊት ይገርፋል፣ የምንበላው ሩዝ እንኳ በጥርስ መሀል አሸዋ አሸዋ ይላል።

አንድ ጠዋት ሐዲድ ሲያወርዱ አንዱ አመለጣቸውና የአሰፋን ጭን በጠርዙ ቀደደው። ጩኸቱን ሰምቼ ድስቴን ጥዬ ስደርስ፣ ደሙ ልቡ በመታ ቁጥር ይፈናጠቃል። አንዱ አፈር ይበትንበታል፣ ሌላው ያማትባል። ነገሩ የገባው ሮብሌ የሚባለው ሱማሌ ሠራተኛ ብቻ ነበር።

«በጉልበትሽ! በጉልበትሽ ተጫኚው!» ብሎ ጮኸብኝ።

ነጠላዬን ጠቅልዬ ቁስሉ ውስጥ ጎሰርኩና በሙሉ ክብደቴ ተንበረከኩበት። አሰፋ አጓራ። ደሙ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። መቀነቴን ፈትቼ ለሮብሌ ሰጠሁት፤ ከቁስሉ በላይ አሰረና ማማሰያዬን አስገብቶ ጠመዘዘው። ያኔ ቆመ።

ወደ ከተማ የሚያደርስ፣ በእጅ የሚገፋ አንድ የሐዲድ ጋሪ ነበረን። ፈረንጁ አለቃ ግን ባዶ የውሃ በርሜሎች እያስጫነበት ነው። እግሩ ላይ ወደቅሁ። በአስተርጓሚ መለሰልኝ።

«ይሄ ሰው መሞቱ አይቀርም። ውሃ ካልመጣ ደግሞ ሁላችሁም ትሞታላችሁ።»

«ከበርሜሎቹ ጋር ይሂድ!»

«እሱ ከተጫነ ሁለት በርሜል ይቀራል» አለና ጀርባውን ሰጠኝ።

ከጓዶቹ አንድም የተናገረለት የለም። ሁሉም ጠምቶታል።

ጋሪው እስኪመለስ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ማማሰያውን ጨብጬ ከድንኳኑ ጥላ ሥር አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ፍቺልኝ፤ እግሬ ሞተ» ይለኛል።

«ብፈታው አንተ ትሞታለህ» እለዋለሁ።

ለመነኝ፣ ሰደበኝ፣ በመጨረሻም እጄን ነከሰኝ። አልለቀቅኩም።

በተመለሰው ጋሪ ከተማ አደረስነው፤ ሐኪም ቤት እግሩን ከጭኑ ቆረጡት። ሐኪሙ «ብዙ ሰዓት ታስሮ ስለቆየ እግሩን ልናተርፈው አልቻልንም» አለ። አሰፋ ይህችን ቃል ያዘ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ፤ ሁለት ልጆችም ወለድን። ደጃችን ላይ ተቀምጦ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «እግሬን የበላችው ይቺ ናት» እያለ ያሳየኛል። አለቃውን አንድም ቀን በክፉ አንስቶት አያውቅም። ክራንቹን ጀርባዬ ላይ ያሳረፈበትን ቀን ግን ቆጥሬ አልዘልቀውም።

እሁድ ዕለት ለልጅቷ አያቷን እንዴት እንዳተረፍኩት ብቻ ነገርኳት። «እማማ፣ እርስዎ እኮ ጀግና ነዎት!» ብላ አቅፋ ሳመችኝ። ክራንቹ ባረፈብኝ ቁጥር «ምነው ያን ቀን በተውኩት ኖሮ» እል እንደነበር አልነገርኳትም። እናቷ የተወለደችው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ልጅቷን አቅፌ ይህን ሳስብ አፈርኩ፤ ምኞቴ ግን የእውነቴን ነበር።