አዋላጇ ባዶ የተወችው መስመር

ባለጉዳዮች «እትዬ ፎርም» ይሏታል። ሥራ ያጡና ሥራ ለመቀየር ያሰቡ አዋቂዎችን የምታማክር ሴት ናት። ሰው ገና ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ ፎርሙን ታቀርብለታለች። አንዱ ስለ ትዳሩ፣ ሌላው ስለ አማቱ ማውራት ሲጀምር፣ «የቤቱን ለቤት እንተወው፤ እዚህ የሥራውን» ትላለች። ክፉ ሆና አይደለም። ሥራ በጀመረችበት ዓመት የሰውን ሁሉ ጭንቀት ቤቷ ይዛ እየገባች እንቅልፍ አጥታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልቧን አጠረች።

የራሷንም ጉዳት ለማንም አትናገርም። ባሏ፣ ጡረታ የወጣ ቀያሽ፣ ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ ከድቶታል። ጠዋት ታጥበውና ቁርሱን ታበላዋለች፤ ከዘራውን አልጋው አጠገብ አቁማ፣ በሩን ቆልፋ ትወጣለች። እሱ ምላሱ ቢተሳሰርም ቀልዱ አልጠፋበትም። «ሥራ ፈላጊ ብሆን ኖሮ እኮ እኔም ቀጠሮ ይደርሰኝ ነበር» ይላታል።

አንድ ማክሰኞ አንዲት አዋላጅ ነርስ መጣች። አሥራ አራት ዓመት አዋልዳለች፤ ማስረጃዋ እንከን አይወጣለትም። ፎርሙን አሳምራ ሞላችና «ሥራ የሚለቁበት ምክንያት» የሚለውን መስመር ባዶ ተወችው።

«ይሄንንስ?» አለች እትዬ ፎርም።

«ማንኛውም ሥራ ይሁንልኝ፣ እትዬ። ማዋለድ ብቻ አይሁን።»

«ይህን ያህል የለፋሽበትን ሙያ? ደሞዙ አንሶሽ ነው? አለቃሽ አስቸግሮሽ ነው?»

«አይደለም። ቤት ውስጥ…»

«የቤቱን ለቤት እንተወው።»

አዋላጅ የሚፈልጉ፣ ደህና የሚከፍሉ የሦስት ክሊኒኮችን አድራሻ ጽፋ ሰጠቻት። ሴትየዋ ወረቀቱን አጥፋ አመስግና ወጣች።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ፊቷ ተቀምጦ ሳለ፣ መሳቢያዋ ውስጥ ያለው ስልክ ጠራ። ዝም አለችው። ደግሞ ጠራ።

«አንሺው እንጂ እህቴ፤ ማን ያውቃል?» አላት ሰውየው።

«በሥራ ሰዓት አላነሳም።»

ለምሳ ስትነሳ አየችው፤ ጎረቤቷ ዘጠኝ ጊዜ ደውላለች። ባሏ ወድቆ ኖሯል። ጎረቤትየዋ ከበሩ ውጭ ሆና ሲያቃስት ትሰማለች፤ ቁልፍ ግን የላትም። እትዬ ፎርም እስክትደርስ ለሁለት ሰዓት ተኩል ሲሚንቶ ላይ ተጋድሟል። በሩን ከፍታ ስትገባ አልቀለደም። «መጣሽ?» ብቻ አላት። ዳሌው ተሰብሯል፤ ከዚያ በኋላ በእግሩ አልቆመም።

ግማሽ ቀን ብቻ ለመሥራት ስትጠይቅ አለቃዋ ፈገግ አለ። «የቤቱን ለቤት ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?» ለጨዋታ ነበር የተናገረው። ፊቷን ሲያይ ግን ደንግጦ ፈረመላት። ይሰጣታል የተባለው የክፍል ኃላፊነት ለሌላ ሰው ሄደ።

ወደ ሥራ በተመለሰች በማግስቱ አዋላጇን አስጠራቻት። ከተጻፉላት ክሊኒኮች አንዱ ዘንድ ሄዳ ነበር። «ማዋለጃው በር ላይ ስደርስ ሕፃን አለቀሰ። ከበሩ ተመለስኩ» አለች።

እትዬ ፎርም ፎርሙን ወደ ጎን ገፋችው። «ያን ቀን ‹ቤት ውስጥ› ብለሽ ስትጀምሪ አቋረጥኩሽ። አሁን ንገሪኝ።»

«ቤት ውስጥ የልጅ አልጋ አዘጋጅቼ ነበር፤ የስምንት ወር እርጉዝ ነበርኩ። የልጄ ልብ ቆመ። በማዋልድበት አልጋ ላይ የሞተች ልጅ ተገላገልኩ። ጥቂት ቀን እንደተኛሁ ሥራ ግቢ ተባልኩ።»

እትዬ ፎርም ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ «የእኔ ባል ወድቆ ሲደወልልኝ፣ እኔ ስልኬን አላነሳሁም» አለቻት።

ከዚያ ስለ ሥራው ተነጋገሩ። የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ዕቃ ማጽጃ ክፍል ነርስ ይፈልግ ነበር፤ ክፍያው ግን ያንሳል።

«ምን ይሰማል እዚያ?» አለች አዋላጇ።

«የማሽን ድምፅ ብቻ።»

«ይሁንልኝ።»

አሁንም እዚያው ናት። ወደ ማዋለድ አልተመለሰችም፤ «እንዲህ ያለ እጅ ባከነ» የሚሉ አሉ። እትዬ ፎርም ግን አንድም ቀን ተመለሺ ብላ አልገፋፋቻትም። ከሰዓት በኋላዎቿን ከባሏ ጋር አሳለፈች፤ አንድ ዓመት ከአራት ወር አብሯት ቆየ። ሲሞት ሊያስተዛዝኑ ከመጡት መካከል አዋላጇ ነበረች። ብዙም አልተናገረች። ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ቆየችና፣ እንግዳው ሲቀንስ ተነስታ ብርጭቆዎቹን ሁሉ አጥባ፣ ደርድራ ሄደች።