ለእናቴ ስለት የተሞከረ መንገድ

ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቴን ይዤ ለሥራ ከአዲስ አበባ ከመጣሁባት ከወረታ በእግሬ ወጣሁ። ባጃጁም ሚኒባሱም ሞልቶ ሳለ በእግር መሄዴ ለጤናዬ ብዬ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ እናቴን ከመንገድ የማስቀርበት ምክንያት ፍለጋ ነበር።

እናቴ የዓይን ሞራዋን ልትታከም ባሕር ዳር ስንወርድ፣ ሐሙሲት ሳንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ባንድ ጊዜ «አቤቱ ገብርኤል» ሲል ሰማች። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አስፋልቱ ዳር ቤተ ክርስቲያን አለ አልኳት። እዚያው ወንበሯ ላይ ተሳለች፦ ዓይኗ ከበራላት በታኅሣሥ ገብርኤል ከወረታ በእግሯ መጥታ ልትሳለም። ቀኝ ዓይኗ በራ፣ ተመስገን። ግራው ገና ተራውን ይጠብቃል። በባጃጅ ላድርስሽ ብላት፣ «ስለቴ ውስጥ ባጃጅ የለበትም» አለችኝ።

መኪናው ከፊቷና በሚያየው ዓይኗ በኩል እንዲመጣ የመንገዱን ግራ ጠርዝ ይዛ መሄድ አለባት። ስለዚህ እኔም ግራውን ያዝኩ።

ከመናኸሪያው እስከ ከተማው መውጫ

የእግረኛው መንገድ የሁሉም ነው፣ ከእግረኛው በቀር። ባጃጆች ቆመውበታል፤ የሽንኩርት ማዳበሪያዎች ተደርድረውበታል፤ የቦዩ ክዳን እዚህም እዚያም ጎድሏል። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ እንዳልፍ ማዳበሪያዋን ጎትታ አነሣችልኝና፣ ካለፍኩ በኋላ መልሳ ቦታው ላይ አደረገችው። ባለባጃጆቹ በየደረስኩበት ልውሰድዎ ይሉኛል፤ እምቢ ስላቸው ያዘኑልኝ ይመስላሉ። በልቤ ለመንገዱ ዜሮ ሰጠሁት።

ሜዳው

ከከተማው ሲወጡ ሜዳው ይከፈታል። ሩዙ ታጭዶ አልቋል፤ ጥቁርና ነጭ የፎገራ ከብቶች ማሳው ላይ ተበትነው ይግጣሉ። ወደ ጣና በኩል ያለው ሰማይ ሰፊ ነው። ዓይኔን ወደዚያ ጣል ከማድረጌ አንድ ከባድ መኪና አጠገቤ አለፈና ነፋሱ ባርኔጣዬን ቦይ ውስጥ ጣለው። ባርኔጣዬን ሳወጣ የእናቴ ነጠላ እንዲሁ በነፋስ ሲወሰድ በሐሳቤ ታየኝ። እንግዲህ ምክንያቱን አገኘሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ።

ትንሽ እንደሄድኩ ደግሞ የመንገዱ ትከሻ በሸራ ተሸፍኖ፣ በሸራው ላይ ያልተፈተገ ሩዝ ተሰጥቶ አገኘሁ። ይሄ ነበር የቀረን ብዬ እየተነጫነጭኩ ወደ አስፋልቱ ልወጣ ስል፣ ስጡን በእግሯ የምታገላብጥ ጎልማሳ ሴት በእጇ ከለከለችኝ። በዚያ ሳይሆን በውስጥ በኩል እለፍ አለችኝ። አየሁ፤ ለካ በስጡና በቦዩ መካከል አንድ ሰው የሚያስኬድ መንገድ ትታለች። በአስፋልቱ በኩል ደግሞ መኪና ሩዟን እንዳይረግጥ ድንጋይ ደርድራለች። ሾፌሩ ድንጋዩን ሲያይ ለጎማው ፈርቶ ወደ መሀል ይሸሻል። ከእሷ ቀጥሎ የጎረቤቷ ስጥ አለ፣ ከዚያ የሌላው፤ እንዲህ እያለ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አቅራቢያ ይሄዳል። ከወረታ ከወጣሁ ወዲህ ልቤ ያረፈው ገና ያኔ ነው።

ቆሜ የእናቴን ነገር ነገርኳት። በገብርኤል ዕለት በዚሁ በውስጥ በኩል አመጣታለሁ አልኳት። ሴትዮዋ ማገላበጧን ተወች።

«ወንድምዓለም፣ በገብርኤል ስጥ ይሰጣል እንዴ?»

የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ በዓል ሲሆን ቢሮ እንደሚዘጋ እንጂ ስጥም እንደሚነሣ ማን አስቦ። ስጡ ከሌለ ድንጋዩም የለም፤ ድንጋዩ ከሌለ እናቴ ከመኪናው ጋር ብቻዋን ናት። የሆዴ ፊቴ ላይ ሳይታይ አልቀረም፤ ሴትዮዋ ስጧን ዞር ዞር እያለች አየችው።

«ሩዙን በዋዜማው አነሣለሁ» አለች። «ድንጋዩን ግን አላነሣውም። ድንጋይ መተው ሥራ አይደለም፣ ገብርኤልም አይቀየምም። ለጎረቤቶቼም እነግራቸዋለሁ። እናትህ በውስጥ በኩል ትምጣ።»

ምን ብዬ እንዳመሰገንኳት አላስታውስም። እግዜር ይስጥልኝ ማለቴን ብቻ አውቃለሁ።

መልስ

የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳልሜ፣ አጠገቡ ካለች ምግብ ቤት ሽሮ በሩዝ እንጀራ በላሁ። ጾሙን ያስረሳል። ስመለስ ሚኒባስ ያዝኩና በመስኮት ድንጋዮቹን ሳይ መጣሁ። ለመንገዱ የሰጠሁትን ዜሮ አልሰረዝኩም። ነገር ግን መንገድን ለእግረኛ የሚያመቸው መሐንዲስ ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን ገብቶኛል፤ ስላወቅሁትም ደስ ብሎኛል።

እናቴ በር ላይ የሸራ ጫማዋን እግሯ ላይ እየለካች ጠበቀችኝ። ያስኬዳል አልኳት፤ ስለ ድንጋዩም ነገርኳት። ስለቷን ስታስገባ በጸሎት ልታነሣት የሴትዮዋን ስም ጠየቀችኝ። ሳልጠይቅ መጥቻለሁ።

«ግድ የለም» አለች ጫማዋን እያሰረች። «ራሴ እጠይቃታለሁ። ፊቷንም አየዋለሁ።»