የቀኝ ትከሻችንና የትርንጎ ቀሚስ

ውኃ መቅዳት የጀመርሁት አንኮበር፣ በአንድ ትልቅ ጌታ ግቢ ነው። ባሌ ዘምቶ ሳይመለስ ሲቀር ልጄን ትርንጎን አዝዬ ከደብረ ብርሃን መጣሁ። ያኔ ጡት አልጣለችም። የቀጂዎቹ አለቃ እትዬ ዘነበች ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝና «ልጅቱን ለፈጪዎቹ ስጫት፤ አንድ ጀርባ ሁለት ሸክም አይችልም» አሉኝ። እንስራ፣ ጠፍርና ከወገብ ላይ የሚደረግ የጨርቅ ጥቅል ሰጡኝ።

በዚያው ቀን እንስራውን ሰበርሁት።

ምንጩ ከግቢው በታች ነው። ባዶ ይዘን እንወርዳለን፣ ሞልተን እንወጣለን። መንገዱ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ሲወጡ አለቱ በግራ፣ ገደሉ በቀኝ ነው። እኔ በአገሬ ሜዳ እንደለመድሁት ጠፍሩን በግራ ትከሻዬ አሳልፌ፣ እንስራውን ወደ ግራ ጎኔ አድርጌ ወጣሁ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ አለቱ ነካው። ውኃው በጀርባዬ ወረደ፤ በእጄ የቀረው ጠፍሩ ብቻ ነው።

እትዬ ዘነበች አንዲት ገል አንሥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ይኸው ስምሽ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገሊት ሆንሁ፤ አስካለ መባሌን ሰው ሁሉ ረሳው።

«ሕጉን ስሚ፣ ገሊት» አሉኝ። «ሽቅብ ስትወጪ አለቱ በግራ፣ እንስራው በቀኝ። ይህን የረሳች ቀጂ ከእኔ ጋር አትውልም።»

አልረሳሁም። ኋላ የመጣብኝ ጣጣ ሁሉ ከልክ በላይ ከማስታወሴ የመጣ ነው።

ይህን የምጽፈው ለባልንጀሮቼ ለቀጂዎቹና ለሚመጡት ልጆች ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ፊደል አስቆጥረውኝ መልእክተ ዮሐንስ ላይ እንደደረስሁ ሞቱ። ዳዊት አልደገምሁም። ስሕተት ብታገኙ እለፉት፤ ነገሩን ግን አትለፉት።

በሥራችን ማዕረግ አለ። አዲስ የገባች ልጅ በቅል ትጀምራለች። ከዚያ ገንቦ ትይዛለች፣ ሲጠናላት እንስራ። ከሁሉ በላይ ያለችው የሌሎቹን ጠፍር የምታስር፣ ሸክማቸውን የምታስተካክል ናት። እኔ ለዚያ የበቃሁት ትርንጎ ጥርሷን ነቅላ ከጨረሰች በኋላ ነው።

ጠፍሩ በሚያርፍበት በቀኝ ትከሻችን ላይ ጠንካራ ሥጋ ይወጣል። «ጉልላት» እንለዋለን። በዓል ሲሆን ጋኖቹን ሞልተን እንደጨረስን ተቀምጠን እርስ በርሳችን ጉልላት እንዳሰሳለን።

«ያንቺማ ገና ጎጆ ነው!» ትላለች አንዷ።

«ያንቺ ደግሞ ከአንቺ ቀድሞ በበር ይገባል!» ትላታለች ሌላዋ።

የእትዬ ዘነበችን ጉልላት የሚያህል አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ሻሻቸውን የማስርላቸው እኔ ነበርሁ። ስለሚወዱኝ ይመስለኝ ነበር። መውደዱንስ ይወዱኛል፤ ሌላውን ምክንያት ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ትርንጎ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት «እማዬ፣ እኔም ልቅዳ» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ደግሞም ፈራሁ። እኔ እንዲያው ፈሪ ነኝ፤ ልጅ ከወለድሁ ወዲህ ነፋስ ሲነፍስም እፈራለሁ። እንደኔ በመጀመሪያው ቀን እንዳትሰብር፣ ስም እንዳይወጣላት ብዬ በጓሮ ላሠለጥናት ቆረጥሁ።

ገንቦ ውስጥ ድንጋይ ጨመርሁ። ጠፍሩን በቀኝ ትከሻዋ አሳልፌ ጓሮውን አዞርኋት። በየሰንበቱ ማግስት አንድ ድንጋይ እጨምራለሁ። ድንገት ወደ ግራ ስታዛውረው «በቀኝ!» እላለሁ። «ደከመኝ እኮ» ስትለኝ «አለቱ አይደክመውም» እላታለሁ። ይህን ቃል አሁን ባስታወስሁ ቁጥር አንደበቴን እረግማለሁ።

ዓመት ሳይሞላት ሙሉ እንስራ ተሸክማ ሳታርፍ ወጣች። የግቢው አዛዥ ገብሬ አይተው «ገሊት፣ ይቺ ልጅሽ በቅሎ ናት!» አሉኝ። የዚያን ቀን መሬት አልረገጥሁም።

ለጥምቀት አዲስ ቀሚስ ሰፋሁላት። ለብሳ ስትቆም ጠርዙ በግራ በኩል ወርዶ መሬት ነካ። አወለቀችው፤ ቆርጬ አስተካከልሁት። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ወረደ። አንገትጌውም በግራ ትከሻዋ በኩል ይንሸራተታል። «ሸማኔው አበላሽቶት ነው» አልሁና እንደገና ቆረጥሁ። ሦስተኛ ጊዜ መቀሱን ይዤ ከኋላዋ ስንበረከክ ጠርዙን ትቼ ሽቅብ አየሁ። ቀኝ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቷል፣ ግራው ወርዷል። የግራ ትከሻዋ አጥንት ከጀርባዋ ተገንጥሎ ብቅ ብሏል። ጨርቁ ምንም አልሆነም፤ የጎበጠችው ልጄ ናት።

«ምነው ዝም አልሽ፣ እማዬ?» አለችኝ።

«ክር አጣሁ» አልኋት።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፌ ጠፋ። ፈጪዎቹ «ዓይን በልቷት ነው» አሉ። ክታብ አሰርሁላት። ጠበል ወሰድኋት፤ ልብሷን ከጀርባዋ ዝቅ አድርጋ ጠበሉ ሥር ስትቆም ጀርባዋን እያየሁ አለቀስሁ። ሦስት ሳምንት ከሸክም አሳረፍኋት። ሕመሙ ቀለለላት፤ ትከሻዋ ግን እንደወጣ ቀረ። አዛዥ ገብሬ «በዓል እየመጣ ነው፤ በቅሎዋ የት ሄደች?» እያሉ ይጠይቃሉ።

በመጨረሻ እትዬ ዘነበች ጠሩኝ። «ክታቡን ተይው አልልሽም፤ ግን አሊዩ አምባ ውረጂ። ዘይነባ የሚባሉ ወጌሻ አሉ። እኔ በጊዜው ሳልሄድ ቀርቻለሁ» አሉኝ። ለምን እንዲህ እንዳሉ አልጠየቅሁም።

በገበያ ቀን ወረድን። እሜቴ ዘይነባ በደጃቸው ተቀምጠው የአንድ ነጋዴ ቁርጭምጭሚት ያሻሉ። ሲጨርሱ እጃቸውን ታጥበው «ቢስሚላህ» አሉና ትርንጎን ባዶ እግሯን ጀርባዋን ሰጥታ አቆሟት። ክር በጠጠር አስረው ከማጅራቷ ለቀቁት። ክሩ በጀርባዋ መካከል አልወረደም፤ ወደ ግራ ዳሌዋ ሄደ። ከዚያ አንድ ድንጋይ ሰጧትና «በቀኝሽ አንሺ» አሏት። ሃያ ጊዜ አነሣች። «በግራሽ» አሏት። በሰባተኛው እጇ ተንቀጠቀጠ።

«አጥንቷ ደኅና ነው፤ አልሐምዱ ሊላህ» አሉ። «ቀኙ ጠንክሮ አጥሯል፣ ግራው ሥራ ፈትቶ ሰልሏል። የበረታው የደከመውን እየጎተተው ነው። በስንት ዓመት ነው እንዲህ የሆነችው?»

«በአንድ ዓመት» አልሁ።

«በአንድ ዓመት ብቻ? ውኃ ብቻውን ይህን አያደርግም። ምን አሸከማችኋት?»

ትርንጎን አየኋት። እሷ ዝም አለች፤ እኔን ልትሸፍን ነው። ያ ዝምታዋ ከሁሉ ይልቅ ወጋኝ።

«ድንጋይ» አልሁ። «እኔ ነኝ። በገንቦ፣ በየሳምንቱ አንድ፣ ሁልጊዜ በቀኝ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ተቀመጪ፣ አንቺ እናት» አሉኝ። «ባለቤቴ ግመል ጫኝ ነበር። በአንድ ወገን ጭነቱ ሲያደላ ሰነፍ ጫኝ በቀለለው ወገን ድንጋይ ይጨምራል። ጭነቱ ይስተካከላል፤ የግመሉ ወገብ ግን ይሰበራል። ዐዋቂ ጫኝ ከከበደው ይቀንሳል። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«ግራዋ ስንት አነሣ?»

«ሰባት።»

«እንግዲያው ቀኟም ሰባት ታንሣ።»

«ቀኟማ ሃያ ትችላለች እኮ!»

«ያጣመማት መቻሏ ነው። ደካማው ይቁጠር፣ ብርቱው ይከተል። ቀኙን በሞቀ የኑግ ዘይት እሺው፤ አንገቷን ወደ ግራ አዘንብለሽ ሥጋውን ቀስ ብለሽ አርዝሚው። ግራዋ ስምንት ሲችል ስምንት፣ ዘጠኝ ሲችል ዘጠኝ። እንስራ እስክልሽ ድረስ የለም።»

ገባኝ ብያቸው ነበር። ግን ፍርሃት የሰማውን አይዝም። በሁለተኛው ሳምንት አዛዥ ገብሬ «ከበዓሉ በፊት ካልተመለሰች ቦታዋን ለሌላ እሰጣለሁ፤ እሷም ወደ አገሯ» አሉኝ። ግራው ቶሎ ቢበረታ ቶሎ ትቃናለች ብዬ ገንቦውን ሞልቼ በግራ ትከሻዋ ላይ አሰርሁት። መንገዱን ጥቂት እንደወጣች «እማዬ!» አለችና ባለችበት ቀረች። ወገቧ ተያዘ። ገንቦው አለቱን መትቶ ተሰበረ፤ እኔ የመጀመሪያው ቀን የሰበርሁበት ያው መታጠፊያ ላይ። አዝዬ አወጣኋት። ጡት ሳትጥል ካዘልኋት ወዲህ አዝያት አላውቅም። በጀርባዬ ላይ ሆና «አሁን ሁለታችንም ገሊት ሆንን» ብላ ሳቀች። እሷ ትስቃለች፣ እኔ አለቅሳለሁ።

እሜቴ ዘይነባ ሲሰሙ «የሰነፉን ጫኝ ሥራ ሠራሽ» አሉኝ። በአንድ ድንጋይ፣ አምስት ጊዜ ከማንሣት ጀምረን እንደገና ቆጠርን።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ያሰብሁት። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል የሚዞር ሌላ መንገድ አለ። ስለሚረዝም ውኃ አንወጣበትም ነበር። በዚያ ሲወጡ አለቱ በቀኝ፣ ገደሉ በግራ ነው። የመጀመሪያው ቀን በዚያ መጥቼ ቢሆን እንስራዬ አይሰበርም ነበር። አንድ ቀን በዚህ፣ አንድ ቀን በዚያ ብንወጣ ሸክሙ ትከሻ ይቀያየራል።

አዛዥ ገብሬ ፊት ቀረብሁ። «ጌታዬ፣ በቤተ ክርስቲያኑ መንገድም እየቀያየርን እንውጣ» አልሁ።

«መንገዱ ይረዝማል፤ ጠጅ ጣዮቹ ውኃ ሲዘገይባቸው ማን ይመልስልኛል?» አሉ። «ስንት ዘመን በዚህ ተወጥቶ ማን ሞተ?»

እትዬ ዘነበች ከኋላዬ ተነሡ። «ጌታዬ፣ ግራ እጄን አይተውት ያውቃሉ?» አሉ። ሻሻቸውን ፈቱና ሊያስሩት እጃቸውን አነሡ። ቀኙ ወጣ፤ ግራው ከጡታቸው በላይ አልሄደም። «ይህን ሻሽ ስንት ዓመት የምታስርልኝ ገሊት ናት። እኔም ስለምወዳት ይመስላታል ብዬ ዝም እላት ነበር።»

አዛዡ መሬት መሬት አዩ። «ለአንድ ሳምንት ሞክሩት» አሉ።

ሞከርነው። ውኃው አልዘገየም። በጠባቡ መንገድ ወጪዋ ወራጇን ስትጠብቅ ይባክን የነበረው ጊዜ ቀረ፤ በአንዱ እየወረድን በሌላው ወጣን፣ በማግስቱ ደግሞ ገለበጥነው። አንዳንዶቹ በግራ መሸከሙ አስቸግሯቸው «ገሊት፣ ግራ አጋባሽን» ብለው ተሳደቡ። እኔም ለግራ ትከሻ መጀመሪያ ቅል፣ ከዚያ ገንቦ እንጂ እንስራ አላስርም ብዬ ጸናሁ። በግራ እንደ አዲስ ገቢ ሆኑ፤ ሃያ ዓመት የቀዳች ሴት ቅል ይዛ ስትወጣ ስንቴ አሳቀችን።

የትርንጎ ግራ እጅ አምስት አለ፣ ስድስት አለ፣ እየተንቀጠቀጠ ዐሥር ደረሰ። ቀኟ ይጠብቀዋል። ማታ ማታ ዘይቱን እሳት ዳር አሙቄ አሽላት ነበር፤ እሷ ትተኛለች፣ እኔ እቆጥራለሁ። ከበዓሉ በፊት አልደረሰችም። አዛዡ ቦታዋን አልሰጡባትም፤ ቅል ይዛ እንድትወጣ ፈቀዱ። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ነው ሙሉ እንስራ በሁለቱም ትከሻ እየቀያየረች የወጣችው።

ከዚያ በኋላ በመጣው ጥምቀት ያንኑ ቀሚስ አለበስኋት። ጠርዙ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ስለነበር አሁን በግራ በኩል አጥሮ ቁርጭምጭሚቷን አሳየ። እንደዚያ ያለ የሚያምር ልብስ አላየሁም። ከማጅራቷ ክር ለቀቅሁ። ከመካከል አንዲት ጣት ያህል ወደ ግራ ቀርቷል። እሜቴ ዘይነባ ስነግራቸው «አንዲት ጣት ይቅር፤ አላህ ለኛ ለወጌሾችም የሚሆን ሥራ ይተዋል» አሉ።

ዛሬ ትርንጎ የአዲስ ገቢዎቹን ጠፍር ታስራለች። እኔ አሁንም ከኋላዋ እሄዳለሁ።

«እማዬ፣ ቅደሚ እንጂ! ምን ታያለሽ?»

«መንገዱን» እላታለሁ። ትስቃለች፤ ታውቃለች።

የሻሽ ጉዳይ እንደ ድሮው ነው። የእትዬ ዘነበች ግራ እጅ ዘግይቶበት አልተመለሰም፤ አሁንም ጠዋት ጠዋት የማስርላቸው እኔ ነኝ።

እንግዲህ ከዚህ ሥራ የተማርሁት ይህ ነው። ልጅ ስታሠለጥኑ ሸክሙን የምትቆጥሩት በደካማው ትከሻ ነው። ከመጨመራችሁ በፊት ደግሞ ከኋላዋ ቁሙና ጀርባዋን እዩ።