ገበያው በተዘጋ ሰሞን የመጣችው ሴት

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ጎንደር ትምህርቴን ጨርሼ ከደባርቅ መለስ ባለች አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ በነርስነት የተመደብኩበት የመጀመሪያ ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህኛው ግን ስለ ወረርሽኝ ሲወራ በሰማሁ ቁጥር እየመጣ መቀመጫ መቆሚያ ያሳጣኛል።

ኅዳር ላይ ከባድ ጉንፋን ገባ። እንደ ወትሮው ጉንፋን አልነበረም። ቀን ሲያጭድ የዋለ ጎበዝ ማታ በቃሬዛ ይመጣል። ሽማግሌዎች መሞት ሲጀምሩ ሰው ደነገጠ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ከአስፕሪን በቀር ይህ ነው የሚባል መድኃኒት አልነበረንም።

ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። የድሮውን የኅዳር በሽታ በልጅነታቸው ያዩት አያ መኰንን፣ "ቆሻሻውን ሰብስበን እናጢስ፤ ያኔም የተደረገው እንዲሁ ነው" አሉ። ሌሎች መድኃኒት ከጎንደር በመኪና ይምጣ አሉ። እኔ ገበያውና ትምህርት ቤቱ ይዘጋ አልኩ። ሊቀመንበሩ ሁሉንም ሰምቶ ወደ እኔ ዞረ።

"መድኃኒቱ ቢመጣ ያቆመዋል?"

"ትኩሳት ያበርዳል እንጂ መዛመቱን አያቆምም።"

"ገበያውን መዝጋትስ መንግሥትን ምን ያስወጣዋል?"

"ምንም።"

"እንግዲያው ይዘጋ" አለ። ማጠኑም ወጪ ስለሌለው አብሮ ተፈቀደ።

በገበያው ቀን አብዮት ጠባቂዎች መንገዱ ላይ ቆሙ። እኔም ለሰዉ ላስረዳ አብሬያቸው ቆምኩ። አንዲት ሴት እንቁላል በእንቅብ ተሸክማ ከደጋው ወርዳ መጣች።

"ምነው ልጄ? ይህን ሁሉ ቁልቁለት የወረድኩት ተመለሽ ልባል ነው?"

"በሽታ እንዳይዝሽ ብለን ነው እትዬ።"

"ቤቴ ጨው የለም። ጨውስ ከየት ላምጣ?"

ትንሽ አየችኝና ዳገቱን ተያያዘችው። ያን ቀን ጤና ጣቢያው ውስጥ ከክፍል ክፍል ስዞር ዋልኩ።

ብዙም ሳይቆይ እኔው ታመምኩ። የቤት አከራዬ ውኃ በር ላይ አስቀምጣ ትሸሻለች። አላማርራትም፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ትኩሳቱ ሲበረታ ግን ተነስቼ ውኃውን ማንሳት አቃተኝ። ጉሮሮዬ ደርቆ እየቃተትኩ ሳለ በሩ ተከፈተ። ያቺው ሴት ነበረች። በወንዙ በኩል በተደበቀ መንገድ ገብታ እንቁላሏን ከቤት ቤት ስትሸጥ እኛ ግቢ ደርሳለች። አከራዬ አትግቢ ብትላትም ማቃሰቴን ሰምታ ገባች።

"አንቺ ነሽ እንዴ?" አለች።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እሷ ግን ቀና አድርጋ ደግፋ ውኃውን አጠጣችኝ። ስሟ ይታይሽ ነበር። ከአከራዬ የገብስ ዱቄት ለምና ቀጭን አጥሚት ሠራችልኝ።

ሲመሽ፣ "እትዬ ይታይሽ፣ ሂጂ" አልኳት። "ልጆች ካሉሽ በሽታውን ይዘሽባቸው ትገቢያለሽ።"

"ስላሉኝ ነው የማልሄደው። አንዴ ነክቼሻለሁ። ይዞኝ እንደሆነ እዚሁ ይውጣልኝ።"

በእንቁላሉ ገንዘብ የገዛችውን ጨው በመንደሯ ሰው ልካ እኔ ዘንድ ቀረች።

ሻል ሲለኝ የቀሚሷ ደረት እርጥብ መሆኑን አየሁ። ወደ ጓሮ እየወጣች ጡቷን እያለበች ወተቱን መሬት ላይ ታፈስሰው ነበር። ስጠይቃት ደበቅ ለማድረግ ሞከረች።

"የሚጠባ ልጅ አለኝ። የባሌ እኅት ከልጇ ጋር ታጠባዋለች" አለች በመጨረሻ።

በማግስቱ ማሳል ጀመረች። አሁን ተራው የእኔ ሆነ። ትኩሳቷን እየለካሁ፣ ወጥቼ የደጋውን መንገድ አይና ተመልሼ እገባለሁ። እሷን አንድ ነገር ቢያገኛት ለልጆቿ ምን ብዬ ልነግራቸው ነው? እሷ በሰመመን የልጁን ስም ስትጠራ እኔ ጆሮዬን እይዛለሁ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች። ሳሉ እስኪተዋት ጥቂት አቆየኋት። ያን ጊዜ ቀሚሷ ደርቆ ነበር።

ልሸኛት መንደሯ ድረስ ወጣሁ። ልጆቿ እየሮጡ መጡ፤ አንዳቸውም አላሳሉም። ሕፃኑን ከአክስቱ ተቀብላ ጡቷን ሰጠችው። አየት አደረጋትና ፊቱን አዙሮ ወደ አክስቱ እጁን ዘረጋ።

"ረሳኝ" ብላ ሳቀች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። እኔ ቆሜ እንደቀረሁ ስታይ ደግሞ፣ "ይለምደኛል፣ አይዞሽ" አለችኝ።

በሽታው ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። አያ መኰንን ጭሱ ነው ያባረረው ይሉ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ገበያው መዘጋቱ ነው አለ። እኔም ገበያው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምናልባት ግን ጊዜውን ጨርሶ በራሱ ሄዶ ይሆናል። የይታይሽ ልጆች ያልታመሙት ግን እሷ ቤቷ ስላልገባች ነው። ይህን አልጠራጠርም።

ወዲያው ወደ ጎንደር ተዛወርኩ። ጦርነቱ በረታና መንገዱም ተዘጋ፤ ዳግም አላየኋትም። እስከ ጡረታዬ ድረስ የትኛው መከላከያ ይረክሳል፣ የትኛው ይበልጥ ያድናል የሚባልበት ስብሰባ ብዙ ተቀምጫለሁ። እንደዚያ ያለ በሽታ ዛሬም ቢመጣ ገበያው ይዘጋ ብዬ እጄን አወጣለሁ። ካወጣሁ በኋላ ግን ወንበሩ ይቆረቁረኛል፤ ተነስቼ በረንዳ ላይ እንጎራደዳለሁ።

ያ ሕፃን ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ መንገድ ላይ ባገኘውም አላውቀውም። እናቱን መልሶ እንደለመዳት አንድ የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ ልቤ ዕረፍት ያገኝ ነበር።