ያልሸሸው ድኩላ

የመጀመሪያ ልጄን ባረገዝኩበት ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ዘንገና አካባቢ ካሉት የባለቤቴ ወላጆች ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ሥጋ ክፉኛ አምሮኛል። አማቼ፣ የባለቤቴ አባት፣ ይህን ሳይሰሙ አልቀሩም፤ አንድ ጠዋት ድኩላ በአህያ ጭነው ከማሳ ተመለሱ።

«ከጫካው ወጥቶ ድንቹ ዳር ቆሞ አገኘሁት» አሉ። «ብጠጋውም አልሸሸ። በስመ አብ ብዬ አረድኩት። እግዜር ለአንቺ የላከው ነው።»

ሲገፈፍ ቆሜ አየሁ። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይታያል። አገጩ በለሃጭ ርሷል። የባለቤቴ እናት ጭንቅላቱን አጣጥበው ምላሱን አወጡና የቀረውን ለውሻው ጣሉለት። ወጡ ሲደርስ ከሁሉም አብልጬ የበላሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ባለቤቴ ለሥራ እንጅባራ ወርዶ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ሳይቀመጥ «የተረፈ ሥጋ አለ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ቋንጣው ተሰቅሏል።»

«ማንም እንዳይነካው።»

ከተማ ውስጥ ለሚያውቀው የእንስሳት ሐኪም ነገሩን እንደ ደስታ ወሬ አጫውቶት ኖሯል። ሰውየው ግን አልሳቀም። ሰው የማይሸሽና ለሃጩ የሚዝረበረብ ድኩላ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ይችላል ብሎታል። በውጭ አገር ደግሞ የአጋዘን ዘሮችን አክስቶ የሚገድል የአንጎል በሽታ አለ፤ ሥጋው ምንም ያህል ቢቀቀል አይጠፋም። እዚህ አገር ተገኘ ሲባል ባይሰማም፣ የታመመ አውሬ ግን እንዳይበላ አስጠንቅቆታል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «ቢቀቀል አይጠፋም» የሚለውን ብቻ ነው። እጄ ወደ ሆዴ ሄደ። ልጁ ዝም ብሏል። ጠዋት ተንቀሳቅሶ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

አማቼ ተቆጡ። «ስንት ዘመን የበላነው ሥጋ ነው! ደግሞስ የዱር አውሬ አረድኩ ብዬ ሐኪም ቤት ልሂድና ልታሰር?»

ያን ጊዜ ሚስታቸው እጃቸውን ዘረጉ። ድንች ሲልጡ ቢላ የቆረጠው ጣታቸው ገና አልጠገገም። «በዚህ እጄ ነው አፉን ያጠብኩት» አሉ ቀስ ብለው።

አማቼ ጣቱን ጠጋ ብለው አዩ። ጋቢያቸውን አንስተው ወጡ፤ እኛም ተከተልናቸው። አስፋልቱ ዳር ቆመን በመጣው ሚኒባስ ተሳፈርን።

ጤና ጣቢያ የተቀበለችን ሐኪም ስለ እስር አላነሳችም። ቁስሉን በሳሙና ደጋግማ አጠበች፤ ላረዱት ለአማቼና አፉን ላጠቡት ለሚስታቸው በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ አዘዘች። እኔን አስተኝታ የልጁን ልብ አዳመጠች።

«ይመታል» አለችኝ። «የእብድ ውሻ በሽታ በደንብ በበሰለ ሥጋ አይተላለፍም።»

«ሌላውስ?»

«ሰው ያዘ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።»

አለመስማቷ አላረጋጋኝም።

የእንስሳት ሐኪሙ የድኩላውን አንጎል ለምርመራ ልላከው ቢልም ጭንቅላቱን ውሻው ጨርሶታል። አማቼ ቋንጣውን በጥልቅ ጉድጓድ ቀበሩ፤ ውሻውንም በሰንሰለት አሰሩት። በዚህ በሽታ የተያዘ ውሃ ይፈራል ስለሚባል፣ በየጠዋቱ ውሃ መጠጣቱን እናያለን። ይጠጣል። እኔ ግን የባለቤቴን እናትም ማየት ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን ጣሳውን ከአፋቸው መለስ አደረጉና «ውሃ ስጠጣ ለምን ታዪኛለሽ?» አሉኝ።

«ኧረ አላየሁዎትም፣ እማማ።»

«ግድ የለም ልጄ። እኔም ስውጥ ጉሮሮዬን አዳምጣለሁ» አሉና የቀረውን ጠጡ።

መርፌው አልቆ ክረምቱ ገባ። ማንም አልታመመም። ሴት ልጄ በደህና ተወለደች፤ ድኩላው ምን እንደነበረበት ግን ሳናውቅ ቀረን። ስትታቀፍ እጇ ትንሽ በተንቀጠቀጠ ቁጥር፣ ሕፃን ሁሉ እንደዚያ መሆኑን እያወቅሁ፣ ያ ሥጋ ትዝ ይለኝ ነበር።